ራስ ምታትና አንዲት ጠብታ ደም

(ይህ ጽሑፍ በመንዝ ከሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የፀረ ኤድስ ክበብ ባዘጋጀው የውይይት ቀን አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ለተማሪዎች ያደረገችው ንግግር ነው።)



በዚህ ብርድ ጋቢና ባናችሁን ደርባችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሩቅ ቀበሌ በእግራችሁ ተጉዛችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ንግግሬን በጥያቄ ልጀምር። በዚህ ወር ውስጥ ራሱን ያመመው እስቲ እጁን ያውጣ። አዎ፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። አሁን ደግሞ በዚሁ ምክንያት ጤና ጣቢያ የሄደ እጁን ያውጣ። ሦስት ብቻ! አትሳቁ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ብጠየቅ እጄን አላወጣም ነበር።

ራስ ምታት ሲይዘን ቤት ውስጥ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ሻሽ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። "ምች ነው የመታህ" ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ ጭማቂው ይጠጣል፤ በተረፈው ግንባር ይታበሳል። ቡና ይፈላል። "ትንሽ ጋደም በይ" ይባላል። ብዙውን ጊዜም ይተወናል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ራስ ምታት ድካም፣ ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የፈተና ጭንቀት የሚያመጣው ነው፤ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት "ራሳችሁን ባመማችሁ ቁጥር ሆስፒታል ሩጡ" ልላችሁ አይደለም። አንዳንዱ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው። ያንን እንዴት እንደምንለየውና አንዲት ጠብታ ደም በዚህ ረገድ ምን እንደምታግዘን ልንነጋገር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሾሎጂ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ሲያይ እኔ በሽተኛው ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚፈራ እጠይቃለሁ። የሕክምናውን ነገር ከሐኪሞችና ከላቦራቶሪ ባለሙያዎች ጎን እየሠራሁ ነው የተማርኩት። ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የእናንተ እኩያ የሆነ አንድ ልጅ ነው።

የልጁን ታሪክ እንድነግራችሁ እሱ ራሱ ፈቅዶልኛል። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱንና ቀበሌውን አልነግራችሁም። እናንተም ለማወቅ አትድከሙ።

ልጁ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ የገባው ሲወለድ ነው። ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ አክስቱ አሳደጉት። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነውና እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ እየሮጠ፣ ኳስ እየተጫወተ፣ ደረጃ እየወጣ አደገ። ከዚያ ለትምህርት ወደ ከተማ መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። እንደምታውቁት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ስንቁ የጋራ ነው፤ ፍራሹ የጋራ ነው፤ ሳጥኑም የጋራ ነው። መድኃኒቱን መጀመሪያ በበሶ ከረጢት ውስጥ ደበቀው። አንድ ቀን ከጓደኞቹ አንዱ በሶ ሊበጠብጥ ከረጢቱን ሲያነሳ ልቡ ቀጥ አለ። በማግሥቱ መድኃኒቱን ከቤት አወጣው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዘለለ፤ ሳምንት ዘለለ፤ በመጨረሻ ጨርሶ ተወው።

ለወራት ምንም አልሆነም። እንዲያውም "ድሮም ሳያስፈልገኝ ነበር የምውጠው" ብሎ እንዳሰበ በኋላ ነግሮኛል። ቫይረሱ ግን አልተኛም። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚከላከሉ ሲዲ4 የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። በጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1500 ይሆናሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እነዚህን ዘቦች አንድ በአንድ ይጥላል። የልጁ ከ100 በታች ወርዶ ነበር።

ራስ ምታቱ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ "የጥናት ነው" አለ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ማስመለስ መጣ። ጓደኞቹ ዳማከሴ አጠጡት። ጤና ጣቢያ ወስደውት የሕመም ማስታገሻ ተሰጠው። አክስቱ ሰምተው መጡና ጠበል ወሰዱት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጠበሉን አልቃወምም። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የልጁ ችግር ጠበል መሄዱ አልነበረም፤ የሄደበት ሁሉ አንድም ሰው መድኃኒት ማቋረጡን አለማወቁ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ብርሃን ማየት አቃተው። አንገቱ ተገተረ። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር። ጓደኞቹ ተሸክመው ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አመጡት። እኔ የተጠራሁት "ገንዘብ የሌለው በሽተኛ አለ" ተብዬ ነው። ገብቼ ሳየው አወቅሁት።

እንዴት እንዳወቅሁት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ደሙ እንመለስ።

ሐኪም ራሱን ያመመው ሰው ፊቱ ሲቀመጥ አንጎሉን ከፍቶ ማየት አይችልም። ሲቲ ስካን የሚባለው የጭንቅላት ምስል ማንሻ በየወረዳው የለም። ከመርሐቤቴ ሰው ታሞ ወደ ዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል፣ ከመንዝና ከጊሼ ወደ መሐል ሜዳ፣ ሲብስም ወደ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ታዲያ እዚያው በሽተኛው ባለበት፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ "ይሄ ራስ ምታት አደገኛ ነው" የሚል ነገር ቢገኝስ? ሳይንቲስቶች ሲፈልጉት የኖሩት ይህንን ነው። በደም ውስጥ ተገኝቶ በሽታን የሚጠቁም ምልክት ባዮማርከር ይባላል። እኛ "የደም ጠቋሚ" ብንለው ያስኬዳል።

ለልጁ ራስ ምታት የሚሆነው ጠቋሚ ከክሪፕቶኮከስ የሚመጣ ነው። ክሪፕቶኮከስ በዓይን የማይታይ የፈንገስ ዓይነት ነው። በአፈር ውስጥና በወፎች፣ በተለይ በርግብ ኩስ ይገኛል። ከአቧራ ጋር እንተነፍሰዋለን። እዚህ ያለን ብዙዎቻችን ተንፍሰነው ይሆናል፤ ሰውነታችን ግን አሸንፎታል። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሲሆን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ሽፋን ይዘልቃል። ይህ ሕመም ክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር ይባላል። ልብ በሉ፦ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በመሳሳም አይዝም።

ይህ ፈንገስ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ዙሪያውን በወፍራም ሽፋን ይጠቀለላል። የመንዝ ሰው ባናውን ተከናንቦ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ባና የለበሰ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ምን ይቀራል? የሱፍ ብናኝ! ሰውዬው ቢሄድም ብናኙን ያየ "እዚህ ባና የለበሰ ሰው ነበር" ይላል። ክሪፕቶኮከስም ከሽፋኑ ብናኝ ወደ ደም ያራግፋል። ሐኪሞች ይህንን ብናኝ አንቲጅን ይሉታል። የደም ምርመራው ፈንገሱን ራሱን አይፈልግም፤ ብናኙን ነው የሚፈልገው።

በድሮው ዘዴ ከበሽተኛው የጀርባ አጥንት መካከል ፈሳሽ ተቀድቶ፣ የህንድ ቀለም በሚባል ጥቁር ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈንገሱ በጥቁሩ መካከል ነጭ ክብ ሆኖ ይወጣል። ዘዴው ዛሬም ይጠቅማል፤ ሆኖም ፈንገሱ ጥቂት ሲሆን ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያገኘ አንድ ቀላል መመርመሪያ መጣ። ቁመናው የኤችአይቪ ወይም የእርግዝና መመርመሪያ ይመስላል። የደም ናሙና ከፈሳሽ ጠብታ ጋር ይቀላቀላል፤ ቀጭኗ ወረቀት ትነከራለች፤ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ መስመር ብቻ ከወጣ ብናኙ የለም። ሁለት መስመር ከወጣ አለ። መብራት አይፈልግም፤ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለምታውቁት ለእናንተ የዚህን ጥቅም አላስረዳም።

ከሁሉ የሚደንቀው ብናኙ ራስ ምታቱ ሳይጀምር በፊት ደም ውስጥ መገኘቱ ነው። በኡጋንዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከሕመሙ ምልክት 3 ሳምንት ያህል ቀድሞ፣ በአንዳንዶቹም ከ100 ቀን በላይ ቀድሞ እንደሚታይ አሳይቷል። እንግዲህ አስቡት። ያ ልጅ ገና ኳስ እየተጫወተ ሳለ ደሙ ይናገር ነበር። የጠየቀው ግን አልነበረም። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲዲ4ታቸው ከ100 በታች የሆኑ ሰዎች ራሳቸውን ባያማቸውም ይህን ምርመራ እንዲያገኙ ሲመክር የቆየው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱ 369 ሰዎች መካከል በ31ዱ ደም ውስጥ ይኸው ብናኝ ተገኝቷል። ይህም ከመቶ 8 በላይ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዓለም ዙሪያ በተደረገ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ማጅራት ገትር 112,000 ሰዎችን ገድሏል። በኤድስ ምክንያት ከሞቱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ የተካሄደ ትልቅ ጥናት የተሻለና የቀለለ የመድኃኒት አሰጣጥ አግኝቷል። በዚያ የተሻለ ሕክምና እንኳ በ10 ሳምንት ውስጥ ከአራት በሽተኞች አንዱ ገደማ ሞቷል። ታሞ ከመታከም ቀድሞ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አሁን እኔን ከሁሉ የበለጠ የነካኝን ጥናት ልንገራችሁ። በታንዛኒያ ዳሬሰላምና በዛምቢያ ሉሳካ ከተሞች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ነው። ሲዲ4ታቸው ከ200 በታች የወረደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን የተለመደው የክሊኒክ አገልግሎት ተሰጠ። ለሁለተኛው ወገን ይኸው የደም ምርመራ ተጨመረ፤ እንዲሁም ሐኪም ያልሆኑ፣ ጥቂት ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢ ሰዎች ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ መድኃኒት ያደርሱላቸው፣ ያበረታቷቸው ነበር። ከዓመት በኋላ በመጀመሪያው ወገን ከ100 ሰው 18፣ በሁለተኛው ከ100 ሰው 13 ሞቱ። በሌላ አነጋገር ከየመቶው አምስት ሰው ተረፈ። ያተረፋቸው ወረቀቷ ብቻ አይደለችም። ቤታቸው ድረስ የሄደ ሰው አለ። "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" የሚባለው በቁጥር ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ወደ ድንገተኛ ክፍሉ እንመለስ። ተረኛው ሐኪም ልጁን እየመረመረ ጠየቀው።

"የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

"የለም።"

"ከዚህ በፊትስ የምትከታተለው ሕመም?"

"የለም።"

ሁለቱ ጓደኞቹ አልጋው ሥር ቆመዋል። አንደኛው ጫማውን ይዞለታል። ልጁ እኔን አየና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ደግሞ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሰው ምስጢር የኔ አይደለም። ያለ ፈቃዱ አፌን ልከፍት አልችልም። ስለዚህ ጥቂት ብር አውጥቼ ለጓደኞቹ፣ "ልጆች፣ ደክሟችኋል፤ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ" አልኳቸው። ወጡ። መጋረጃውን ሳብኩና ጎንበስ ብዬ፣ "ለሐኪሙ አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገርልህ?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ" አለኝ።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው በዚህች ቃል ነው። ሐኪሙ ወዲያው ደም አስቀዳ። 10 ደቂቃ ጠበቅን። ሁለት መስመር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ከወገቡ ፈሳሽ መቀዳት ነበረበት። አክስቱ ሲሰሙ፣ "በመርፌ ወገቡን ነክታችሁ ሽባ ልታደርጉት ነው!" ብለው አለቀሱ። ብዙ ሰው እንዲህ ይፈራል፤ ስለዚህ እናንተ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ዋና ጅማት ካበቃበት በታች ነው። በዚህ ሕመም ደግሞ ፈሳሹን መቅዳት ምርመራም ሕክምናም ነው። ፈንገሱ በአንጎል ዙሪያ ያለውን ግፊት ስለሚጨምረው ያ የሚፈነዳ የሚመስል ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድና የጆሮ መደንቆር ይመጣል። ፈሳሹ ሲቀዳ ግፊቱ ይቀንሳል። ልጁም ከተቀዳለት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ቀና አድርጎ ውኃ ጠየቀ።

አሁን "እንግዲያው ራሱን ላመመው ሁሉ ደም ይቀዳ" የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። የደም ጠቋሚም ልክ አለው። እስቲ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ብዙዎቻችንን የሚያመን የድካምና የጭንቀት ራስ ምታትም ሆነ አንዱን ጎን እየወቀረ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላው ማይግሬን በደም ተመርምሮ አይታወቅም። ሐኪሙ የሚያውቀው ጠይቆና መርምሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ወባን አስቡ። ደጋችን መንዝ ወባ አያራባም፤ ልጆቻችን ግን ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ራስ ምታትና ትኩሳት ከያዘው ቶሎ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። እሱም በጠብታ ደምና በትንሽ መመርመሪያ የሚሠራ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ አንዳንድ የወባ ተውሳኮች መመርመሪያው የሚፈልገውን ምልክት እንደማያወጡ አረጋግጧል። ስለዚህ መስመር አልወጣም ማለት ሁልጊዜ በሽታ የለም ማለት አይደለም። ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ወድቆ ወይም ተመትቶ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተጎዳ አንጎል ወደ ደም የሚፈሱ ጂኤፍኤፒና ዩሲኤች ኤል1 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን የሚለካ ምርመራ ተፈቅዷል። ጥቅሙ ቀላል የሚመስል ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ሲቲ ስካን የማያስፈልጋቸውን ለመለየት ነው። ገና ብዙ የሚጠና ነገር ቢኖርም የደም ጠቋሚ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

አራተኛው እናንተን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በኪራይ ቤት ያላችሁ፣ ማታ ሲበርዳችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ትዘጋላችሁ። ከሰሉ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በአንድ ክፍል ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካጥወለወላቸው፣ ነገሩ ምች አይደለም። በሩን ክፈቱ፣ ውጡ፣ የደከመውን ጎትታችሁ አውጡ፣ ወደ ሕክምና ውሰዱ። የትኛውም ብርድ በእንቅልፍ ከመቅረት አይብስም።

ውድ ተማሪዎች፣ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው አደገኛውን ራስ ምታት ማወቅ ነው። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ እስከ ዛሬ ካወቃችሁት ሁሉ የበረታ፣ በየቀኑ እየባሰ ሳምንታት ያስቆጠረ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ዓይን የሚጋርድ፣ የሚያንቀጠቅጥ፣ ንግግር የሚያምታታ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የጀመረ ከሆነ ዳማከሴውን አስቀምጡና በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሁለተኛው ራስን ማወቅ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሲዲ4ቱ እስኪወርድ ሳይጠብቅ መድኃኒት እንዲጀምር መክሯል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። የማያውቅ ሰው ግን ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል። ከአጋላጭ ባህርይ ተጠበቁ፤ የተጠራጠራችሁ ተመርመሩ።

ሦስተኛው፣ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ፣ እዚህ መካከልም ልትኖሩ ትችላላችሁ፣ ለእናንተ ነው። ለምንም ሕመም ሐኪም ፊት ስትቀርቡ፣ "ብቻችንን ልናነጋግርዎት እንፈልጋለን" ማለት መብታችሁ ነው። ካቋረጣችሁም ሳታፍሩ ተናገሩ። የሚቆጣችሁ ካለ ወደ ሌላው ሂዱ፤ ዝም ግን አትበሉ። ደም ብዙ ነገር ይናገራል፤ ነገር ግን የሚናገረው ለተጠየቀው ብቻ ነው። ሐኪሙ ምን እንደሚጠይቀው የሚያውቀው ከእናንተ አፍ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲባል በተረት ብቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር። በዚያ ድንገተኛ ክፍል በዓይኔ አየሁት።

አራተኛው ለሁላችሁም ነው። ልጁን መድኃኒቱን ያስጣለው ማን ነው? ጓደኞቹ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ስለ ሌሎች ሰዎች ሲቀልዱ ግን ሰምቷል። በእረፍት ሰዓት የምትወረውሯት ቀልድ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ልጅ የበሶ ከረጢት ውስጥ ታስደብቀዋለች። ይህን ሳትረሱ ተናገሩ።

አሁን የቀረችኝን ልናገር። ልጁን ሳየው እንዴት አወቅሁት? ከዚያን ቀን ስድስት ወር አስቀድሞ ስሙ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቀጠሮ ካለፈባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። የኔ ሥራ መፈለግ ነበር። አንድ ጊዜ ስልክ ደወልኩ፤ ዝግ ነው አለኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት እደውላለሁ" ብዬ ወረቀቱን ሌላ ወረቀት ሥር አደረግሁት። ሳምንቱ ወር ሆነ። ወሩ ስድስት ሆነ። ዳሬሰላምና ሉሳካ ላይ ቤት ድረስ የሄዱት ሰዎች ታሪክ ለምን እንደነካኝ አሁን ገባችሁ? እኔ ያልሄድኩበትን መንገድ እነሱ ሄደውታል። ሌላ ሰው አልወቅስም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ሲዘጋብኝ እግሬን አነሳለሁ።

ልጁ በሕይወት አለ። ብዙ ሳምንታት ተኝቶ ታከመ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ሐኪሞቹ ወዲያው አላስጀመሩትም፤ በዚህ ሕመም መጀመሪያ ፈንገሱ መታከም ስላለበት ሳምንታት ጠብቀው ነው የመለሱለት። አንድ ዓመት ትምህርት አለፈው። የግራ ዓይኑ እንደ ድሮው አያይም፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ከፊት ነው የሚቀመጠው።

ጓደኞቹስ? እሱ ራሱ በሰዓቱ ነገራቸው። አንደኛው፣ ጫማውን ይዞለት የነበረው፣ "ይሄን ነው እንዴ የደበቅኸን?" ብሎ አለቀሰ። አሁንም ሦስቱ አብረው ናቸው። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን መድኃኒቱን የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱም ከከረጢቱ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ከደብተሮቹ ጎን ተቀምጧል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

 ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ። በሰው ፊት መጠየቅ የማይፈልግ ካለ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ እዚያ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ።